በሒክማ ክንድ ውስጥ የቀረችው መርፌ

የእንጀራ እናት ሲባል ምን ትዝ እንደሚላችሁ አውቃለሁ። እኔም ራሴ የእንጀራ እናት ከመሆኔ በፊት ያው ነበር ትዝ የሚለኝ። ስለዚህ የዚያን ቅዳሜ ነገር ስነግራችሁ እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

ዘሐራ እባላለሁ። መርካቶ፣ ሸማ ተራ፣ ነጠላና ጋቢ እሸጣለሁ። ሱቋን ያቆማት ከወሎ የመጣው አባቴ ነው። ኑሩን ያገባሁት ሰዉ ሁሉ በቃ ቀረች ብሎ ተስፋ ከቆረጠብኝ በኋላ ነው። ኑሩ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ቤት ከሚያድርበት መንገድ ላይ የሚያድርበት ይበዛል። የመጀመሪያ ሚስቱ ራህመት ከእሱ በሰላም ተለያይታ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች። ልጃቸው ሒክማ ከአባቷ ጋር ቀረች። ይህ የምነግራችሁ ነገር ሲሆን አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር።

ሒክማ ስኳር አለባት። ትልልቅ ሰዎች በኪኒን የሚይዙት ዓይነት አይደለም፤ ገና በልጅነቷ የጀመራትና ያለ ኢንሱሊን የማትኖርበት ነው። ስትበላ ትወጋለች፤ ከተወጋች ደግሞ መብላት አለባት። እናቷ በመንገደኛ እጅ የምትልክላት አንድ መሣሪያ አለ፣ ሴንሰር የሚሉት። የካፖርት ቁልፍ የሚያክል ክብ ነገር ነው፣ ክንድ ላይ ይለጠፋል። ከሥሩ ከፀጉር ትንሽ ወፈር ያለች ቀጭን ነገር ቆዳ ውስጥ ትገባለች፤ እኛ ቤት መርፌ ነው የምንላት። እሷ ስኳሩን እየለካች ቁጥሩን ወደ ስልክ ትልካለች። ቁጥሩ ሒክማ ስልክ ላይ ይወጣል፣ በዚያው ሰዓት ደግሞ ጅዳ ያለችው እናቷ ስልክ ላይ ይወጣል። ራህመት የሰው ቤት ወለል እየወለወለች የልጇን ስኳር ታያለች ማለት ነው።

እኔ ስልክ ላይ አይወጣም ነበር። ማንም አልከለከለኝም፤ ላስገባልሽ ያለኝም የለም። ሒክማ ክፉ ልጅ አይደለችም። አትመልስም፣ አታኮርፍም። ግን «እትዬ ዘሐራ» ነው የምትለኝ፣ ልክ ለጎረቤት እንደሚባለው። የመድኃኒት ቦርሳዋን ላቀብላት ካነሳሁ ቶሎ ብላ ከእጄ ትወስደዋለች። ሴንሰሩ ሲቀየር አባቷ ካለ እሱ፣ ከሌለ ራሷ በመስታወት እያየች ትለጥፋለች። እኔም ገፍቼ አልገባሁም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈርቼ ነው። ልጅቷ ትንሽ ከሳ ካለች የሚነሳው የእኔ ስም ነው። አሟት ከተኛች «ምን አብልታት ይሆን» ነው የሚባለው። ባልነካኋት ቁጥር የምጠየቅበት ነገር ያነሰ መሰለኝ።

የጥምቀት ሰሞን ነበር። በዚያ ሰሞን ሸማ ተራን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እግር መትከያ የለም። ሒክማ ትምህርት ስላልነበራት ሱቅ መጥታ ነጠላ እያጠፈች ታግዘኛለች። ወደ ምሳ ሰዓት ፍርፍር አዘዝኩ። ምግቡ ሲመጣ አይታ ወደ ጓዳ ገባች፣ ኢንሱሊኗን ተወጋችና እጇን ልትታጠብ ወደ በሩ ወጣች።

«መንገድ! መንገድ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

አንድ ተሸካሚ ጭንቅላቱ እስኪሰወር ድረስ የጨርቅ ቦንዳ ተሸክሞ እየሮጠ መጣ። ሒክማ ወደ ግድግዳው ተለጠፈች፤ ሰውየውም በቻለው መጠን ዞር አለ። ግን ቦንዳው የታሰረበት ቆርቆሮ ክንዷን ፍቆት አለፈ። ጮኸች። እሱ እንኳ አልሰማም፤ ሰዉ ዋጠው።

ሮጬ ስደርስ ክንዷን ይዛ ቆማለች። ሴንሰሩ በግማሽ ተልጦ ተንጠልጥሏል። ቀስ ብላ ላጠችውና ገልብጣ አየችው። ፊቷ ሲለወጥ ታየኝ።

«እትዬ ዘሐራ… መርፌዋ የለችም።»

«የት ሄደች?»

«እዚህ ውስጥ ቀርታለች።»

ክንዷን አየሁት። ትንሽ ቀይ ነጥብና ጭረት ብቻ ነው የሚታየው። ወደ ውጭ የወጣ ጫፍ የለም። ጣቴን ላሳርፍ ስል ክንዷን ሸሸገች።

ከዚያ በኋላ መርካቶ ነው፤ ሰው መሰብሰብ ምን ይከብዳል? ከጎኔ ጥለት የምትሸጠው እትዬ ብርቄ የመስፊያ መርፌ ይዛ መጣች። «አምጪያት፣ እሾህ ስንት አውጥቻለሁ» አለች። ከፊት ለፊት ያሉት ጋሼ ሽኩር መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ክንዷን አዩና «ይኼ በመርፌ የሚነካ አይደለም፣ ወጌሻ ጋ ትሂድ» አሉ። አንዲት ገበያተኛ፣ ስሟን እንኳ አላውቅም፣ ነጠላ እየመረጠች «ደም ውስጥ ከገባች እኮ እየሄደች እየሄደች ልብ ትወጋለች» አለች።

ከሰው መሃል ደግሞ አንዱ ዝቅ ባለ ድምፅ ሲናገር ሰማሁት። «የራሷ ልጅ ብትሆን እዚህ ትርምስ ውስጥ ታውላት ነበር?»

ዞር ብዬ ማን እንዳለው አልፈለግኩም። ሒክማ ክንዷን በመዳፏ ሸፍና «ማንም አይንካኝ!» አለች። እትዬ ብርቄ መርፌዋን ወደ ቀሚሷ መልሳ ሰካች።

ኑሩ ጋ ደወልኩ። «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም» ይላል። ደገምኩ፤ ያው ነው። አፋር በረሃ ውስጥ ነው ማለት ነው፣ ኔትወርክ ከሌለበት። የተሰበረውን ሴንሰር በቁራጭ ሸማ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፣ ሱቁን ለእትዬ ብርቄ አደራ አልኩና የሒክማን እጅ ይዤ ወጣሁ። ፍርፍሩ ባንኮኒው ላይ እንደተከደነ ቀረ። ያን ጊዜ ስለ ፍርፍሩ ያሰበ ሰው የለም፤ እኔም አላሰብኩ፣ እሷም ከድንጋጤዋ አላሰበች።

በራጉኤል በኩል ሰዉን እየገፋን አለፍን። አብነት አካባቢ የማውቃት ትንሽ ክሊኒክ አለች፤ ወረፋ ጠብቀን ገባን። ነርሱ ረጋ ያለ ወጣት ነው። በባትሪ አብርቶ አየ፣ በጣቱ ጫፍ በስሱ ዳሰሰ፣ በአልኮል ጠርጎ በፋሻ ሸፈነው።

«ጫፏ ብትታይ ኖሮ በንጹሕ ወረንጦ ስቤ አወጣላት ነበር» አለ። «አትታይም። ሳላያት ቆዳዋን ብቆፍር የበለጠ ወደ ውስጥ እገፋታለሁ፣ ቁስሉም ያመረቅዛል። ሆስፒታል ውሰጃት፣ በአልትራሳውንድ ያዩታል።»

«ልቧ ጋ ብትደርስስ?»

«አትደርስም» አለኝ። ግን እኔ ጆሮ ውስጥ የገባው የገበያተኛዋ ቃል እንጂ የእሱ አልነበረም።

ኮንትራት ታክሲ ያዝን። ሾፌሩ ሸበቶ፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ብዙም ሳንርቅ መንገዱ ተዘጋ። ከፊት መኪና፣ ከኋላ መኪና፣ በመሃል ጋሪና በግ ነጂ። ሒክማ ከጎኔ ተቀምጣ በመስኮት ታያለች። «አመመሽ?» አልኳት። ፊቷን አላዞረችም። ሁለተኛ ስጠይቃት «ተይኝ!» ብላ ጮኸችብኝ። እንዲህ ጮኻብኝ አታውቅም። ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ከንፈሯ ገርጥቷል። እጇን ስይዘው ቀዝቃዛና እርጥብ ነው፣ ይንቀጠቀጣል።

ወላሂ፣ ያን ጊዜ የመጣልኝ አንድ ሐሳብ ብቻ ነው፦ መርፌዋ ልቧ ጋ ደረሰች። «ጋሼ ይንዱልኝ! ልጄ ልትሞትብኝ ነው!» አልኩ። ሰውየው ጡሩምባቸውን ያንባርቃሉ፤ ግን የት ይሂዱ?

በዚህ መሃል ሒክማ ጭን ላይ የነበረው ስልክ ጮኸ። አየሁት። «እማዬ» ይላል።

ሒክማ ስልኩን ታየዋለች፣ ግን አላነሳችውም። ምን እንደሆነ የገባት አይመስልም። እኔ ከራህመት ጋር ተነጋግሬ አላውቅም። አንድ ቀን እንኳ። በድምፅዋ የማውቃት ሒክማ ከመኝታ ክፍሏ ሆና በድምፅ ማጉያ ስታወራት ነው። አሁን አንስቼ ምን ልላት ነው? ልጅሽን ሱቄ ደጃፍ ላይ አስጎዳኋት ልበላት? ጥሪው አለቀ። ወዲያው እንደገና ጮኸ። አነሳሁት።

«ሒክማዬ! ቁጥሩ ጠፋብኝ እኮ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«ራህመት… ዘሐራ ነኝ።»

በጣም ቀስ ባለ ድምፅ «ልጄ የት አለች?» አለች።

ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት። ቦንዳውን፣ ሴንሰሩን፣ መርፌዋ ውስጥ መቅረቷን፣ ወደ ሆስፒታል እየሄድን መሆኑን፣ ላቡን፣ ጩኸቱን። እያለቀስኩ ነበር። ትሰድበኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ አቋረጠችኝ።

«ዘሐራ፣ ስሚኝ። ምሳ በልታለች?»

«ምን?»

«ኢንሱሊን ተወግታ ነበር? ከተወጋች በኋላ በልታለች ወይ?»

ፍርፍሩ ታየኝ። ከነክዳኑ፣ ባንኮኒው ላይ።

«አልበላችም» አልኩ። «ያ ረቢ፣ አልበላችም!»

«በይ መርፌዋን እርሻት። የመርፌዋ አይደለም፣ ስኳሯ ወርዶ ነው። በምስል አዙሪውና አሳዪኝ።»

አዞርኩት። ራህመትን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት ያኔ ነው። ጥቁር ሂጃብ፣ ከጀርባዋ የሰው ቤት የወጥ ቤት መደርደሪያ፣ ዓይኗ ልክ የሒክማ ዓይን። «ሒክማዬ፣ እማዬ ነኝ፣ እዪኝ» አለች። ሒክማ ቀና አለች። «ደህና፣ ታየኛለች። መዋጥ ትችላለች። ዘሐራ፣ ጣፋጭ ለስላሳ፣ ጁስ፣ ስኳር፣ ያገኘሽውን!»

ቦርሳዋ ውስጥ ያለችው ከረሜላ ጠዋት አልቃለች። ሾፌሩ እስኪነገራቸው አልጠበቁም። በሩን ከፍተው ወረዱና በመኪኖቹ መሃል እየተሽሎከለኩ ጥግ ላይ ወዳለች ኪዮስክ ሄዱ። ሲመለሱ የተከፈተ ለስላሳ በእጃቸው ነበር። «በይ ልጄ፣ አጠጫት» አሉኝ።

ጠርሙሱን አፏ ላይ ሳደርስ ሒክማ ገፋችኝ። «አልፈልግም! ሂጂ!» ግማሹ ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ።

«ሂጂ ስትልሽ እንዳትሄጂ» አለች ራህመት ከስልኩ። «እሷ አይደለችም የምትናገረው፣ ስኳሩ ነው። እኔንም ስንቴ ብላኛለች። እቀፊያት፣ ትንሽ ትንሽ ስጫት።»

አቀፍኳት። ቤታቸው ከገባሁበት ቀን ጀምሮ አቅፌአት አላውቅም ነበር። ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ አስደግፌ አንድ ጉንጭ፣ ከዚያ አንድ ጉንጭ። ራህመት ከዚያ ማዶ «ጎበዝ፣ ጎበዝ» ትላለች፤ ለማን እንደምትል አላውቅም፣ ለልጇ ይሁን ለኔ።

ቀጥሎ የጣት መለኪያውን አስወጣችኝ። «ሰማያዊው ቦርሳ፣ የፊተኛው ኪስ። ስትሪፑን፣ ደም የሚነካበትን ቀጭኑን ቁራጭ፣ መለኪያው ላይ ሰካሽው? አሁን መውጊያውን ጣቷ ዳር ላይ፣ መሃሉ ላይ ሳይሆን ዳሩን።» የሌላ ሰው ደም አውጥቼ አላውቅም። ጠብ አለች። ቁጥሩን ስነግራት ራህመት ዓይኗን ጨፈነች። «ወርዷል። ግን ደርሰሽባታል። ጠርሙሱን ጨርሺላት፣ ሩብ ሰዓት ቆይተን እንደገና እንለካለን። አልዘጋም፣ አብሬሽ ነኝ።»

ያ ሩብ ሰዓት እንዴት እንዳለፈ አልነግራችሁም፤ አልችልበትም። መኪናው ትንሽ ይንቀሳቀሳል፣ ይቆማል። መጀመሪያ መንቀጥቀጧ ተወ። ከዚያ ከንፈሯ ቀለም አገኘ። ከዚያ ቀና ብላ ቀሚሴን አየችና «እትዬ ዘሐራ፣ ምን ነክቶሽ ነው እንዲህ የበሰበስሽው?» አለችኝ።

ራህመት ሳቀች። እየሳቀች አለቀሰች። እኔም ያው። ሾፌሩ በመስታወቱ አይተውን «ተመስገን» አሉና መሪያቸውን ያዙ። እንደገና ስለካት ቁጥሩ ከፍ ብሏል። ከሌላ ኪዮስክ ዳቦ ገዝተን በላች፤ ያንን ሁሉ ራህመት ታያለች።

ሆስፒታል ስንደርስ ድንገተኛ ክፍል ተቀበሉን። የመረመረችን ዶክተር ሴት ናት፣ የደከማት ትመስላለች፣ ግን አላቻኮለችንም። የተጠቀለለውን ሴንሰር ሰጠኋት። «ይዘሽው መምጣትሽ ጥሩ ነው፣ የቀረው ምን ያህል እንደሆነ እናውቃለን» አለች። አልትራሳውንዱን ክንዷ ላይ አስኬደችና ስክሪኑን ወደኛ አዞረች። ግራጫ ነገር መሃል አንዲት አጭር ነጭ መስመር።

«ይኸው እሷ ናት። ላይ ላይ ነው ያለችው፣ ቆዳው ሥር። የትም አልሄደችም፣ የትም አትሄድም። ባለችበት ብንተዋት ልትመርዝ ትችላለች፤ አሁን ቅርብ ስለሆነች በማደንዘዣ ትንሽ ከፍተን ብናወጣት ይሻላል። ግን ፈቃድ ያስፈልገኛል። አንቺ ምኗ ነሽ?»

ጥያቄው ቀላል ነው። እኔ ግን ታክሲው ውስጥ «ልጄ» ብዬ የጮህኩት ትዝ አለኝ። «የአባቷ ሚስት ነኝ» አልኩ በመጨረሻ። «አባቷ መንገድ ላይ ነው፣ አይገኝም። እናቷ ግን እዚህ አለች» ብዬ ስልኩን ወደ ዶክተሯ አዞርኩት።

ዶክተሯ ለራህመት ሁሉንም አስረዳቻት። ራህመት ካዳመጠች በኋላ «ሒክማ፣ አንቺስ?» አለች።

ሒክማ አሰበች። «ይውጣልኝ። ግን እትዬ ዘሐራ አብራኝ ትሁን።»

«እኔም ፈቅጃለሁ» አለች ራህመት። ከዚያ ዶክተሯን «እኔ ማየት ባልችል እንኳ ዘሐራ ታያለች፣ እሷ ካለች እኔ አለሁ ማለት ነው» አለቻት። ይህንን ስትል ወደ ግድግዳው ዞርኩ፤ ልጅቷ ፊት ድጋሚ እንዳላለቅስ።

ማደንዘዣው ሲገባ ሒክማ እጄን ጨመቀችው። ከዚያ በኋላ ምንም አልተሰማትም። ዶክተሯ የሩዝ ፍሬ የሚያክል ቀዳዳ ከፈተች፣ በወረንጦ ፈለግ ፈለግ አደረገችና ነጭ ፋሻ ላይ አንድ ነገር አስቀመጠች። ጎንበስ ብዬ አየሁ። የተቆረጠች የቅንድብ ፀጉር ትመስላለች። ያን ሁሉ ሰው ያሯሯጠችው እሷ ናት። ዶክተሯ ከሴንሰሩ ቅሪት ጋር አስተያይታ «ሙሉ ነው፣ የቀረ የለም» አለች። ከዚያ ቁስሉ ቢቀላ፣ ቢያብጥ፣ ቢያተኩሳት ቶሎ እንድንመለስ ነገረችን።

ማታ ኑሩ ኔትወርክ አገኘና የደወልኩለትን አይቶ በድንጋጤ ደወለ። ሒክማ ናት ያነሳችው። «አባዬ፣ አትጩህ፣ አልቋል። እማዬና እትዬ ዘሐራ ጨርሰውታል» አለችው። «ማንና ማን?» ሲል ሰማሁት። ሁለቱን ስሞች አንድ ላይ ሰምቶ አያውቅማ።

ራህመት ከሥራ ስትወጣ ለኔ ደወለች፤ ለሒክማ አይደለም፣ ለኔ። ያን ቀን ሳልጠይቃት ነገረችኝ። ልጇ ሌላ ሴት እጅ ላይ ስትወድቅ ያስፈራት እኔ ክፉ እሆናለሁ ብላ ብቻ አልነበረም። «ጥሩ ብትሆኚስ ብዬም እፈራ ነበር» አለችኝ። «ጥሩ ከሆንሽ ትረሳኛለች ብዬ።» እኔም ለምን እንደራቅኩ ነገርኳት። ሁለታችንም በሁለት አገር ተቀምጠን በአንዲት ልጅ ምክንያት ስንፈራ ኖረናል።

አንባቢዎቼ፣ ከዚህ በኋላ የተለወጠውን ልንገራችሁ። ሌላ ሴንሰር እስኪመጣ ሳምንታት ፈጀ፤ እስከዚያ ጠዋትና ማታ የሒክማን ጣት የምለካው እኔ ነበርኩ። መጀመሪያ ሰሞን «ዳሩን፣ ዳሩን!» እያለች ትቆጣኛለች። አሁን ራቷን እየበላች እጇን ብቻ ትዘረጋልኛለች። ኢንሱሊን ከተወጋች ማዕዱ ፊቷ እስኪቀርብና እስክትጎርስ ድረስ ዓለም ቢገለባበጥ ከቦታዬ አልነሳም። እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ልጅ ካለ፣ እንዲህ ያለ መርፌ ቢሰበርባችሁ አትቆፍሩት፤ ሸፍናችሁ ወደሚያውቁት ውሰዱት። ግን ከክንዱ በፊት የልጁን ፊት እዩ። ምሳ በልቷል ወይ በሉ። እኔ አንዲት የቅንድብ ፀጉር የምታክል ነገር ላይ አፍጥጬ ልጅቷን ራሷን ላጣት ነበር።

ሌላም ነገር አለ፣ ለእንደኔ ዓይነቶቹ። ሰው ምን ይለኛል ብሎ ከልጅ መራቅ ለልጁም ለራስም አይበጅም። ያን ቅዳሜ ሲያሙኝ የነበሩት አሁንም ያሙኛል፤ መርካቶ ነው፣ ሥራቸው ነው። እትዬ ብርቄ ግን ከዚያ ወዲህ ባንኮኒዋ ሥር የለስላሳ ጠርሙስ አጥታ አታውቅም።

ሒክማ አሁን ቁመቷ አልፎኛል። አሁንም እትዬ ዘሐራ ነው የምትለኝ፣ ለእናቷ ያለውን ስም አልሰጠችኝም፤ እኔም አልጠበቅኩም። ግን ቁጥሯ እኔም ስልክ ላይ ይወጣል። ዝቅ ሲል አንድ ስልክ ጅዳ፣ አንድ ስልክ ሸማ ተራ ይጮኻል፤ ከዚያ እኔና ራህመት እየተቀዳደምን እንደውልላታለን። ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት ጉብኝት ወጥታ ነበር። ስልኮቻችን ጮኹ። ራህመት ደወለች፣ እኔ ደወልኩ፣ ልጅቷ አታነሳም። ላብ በላብ ሆኜ ሱቄን ልዘጋ ስል ለሁለታችንም በአንድ ላይ መልእክት መጣ።

«ሙዝ እየበላሁ ነው። እባካችሁ ሁለታችሁም ተቀመጡ።»

ተቀመጥኩ። ራህመት ከጅዳ «እኔም ተቀምጫለሁ» ብላ ጻፈችልኝ።